ልጆቻችንና ውድድር፦ ለሁለት ኪሎ ብለን

በዛሬው ዝግጅታችን ለስፖርት ውድድር ስለሚሄዱ ልጆቻችንና ስለ ምግባቸው እንነጋገራለን። ርዕሱን እንድመርጥ ያደረገኝ እዚሁ አሶሳ፣ በራሴ ሰፈር ያየሁት ጉዳይ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ወርልድ ቴኳንዶ መሥራት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ትምህርቱንም ሶላቱንም የማያጓድል፣ ለታላቅ የሚታዘዝ ልጅ ነው። ለውድድር ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚዛን ላይ ቢወጣ 43 ኪሎ ሆነ። የተመዘገበው ግን ከ41 ኪሎ በታች በሚለው ምድብ ነበር። «ሁለት ኪሎ ምን አላት፣ ትቀንሳታለህ» ተባለ። ልጁም የታላላቆቹን ምክር ሰምቶ መጀመሪያ እራት ተወ፤ ቀጥሎ ቁርስ ተወ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ውሃ መጠጣት አቆመ። ሁለት ሹራብ ደርቦ በቀትር ፀሐይ ሲሮጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቶታል። እኔም አይቼዋለሁ። «ጎበዝ፣ በርታ!» ብዬው ማለፌን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ለሱብሒ ሲነሳ ወደቀ። እናቱ በራችንን እየደበደበች «ወንድሜ ድረስልኝ፣ ልጄ በእጄ ላይ ሊቀርብኝ ነው!» ስትል ደረስኩ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዐይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የልብ ምቱ ይጋልባል። ከትናንት ቀትር ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ጤና ጣቢያ ወስደነው ግሉኮስ ተሰጠው፤ አልሐምዱሊላህ ከሰዓት በኋላ ነቃ አለ። ዐይኑን ገልጦ በመጀመሪያ የጠየቀን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ስንት ኪሎ ሆንኩ?»

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አሠልጣኙ ልጁን ይወዳል፤ እናቱም ትወደዋለች፤ እኔም እወደዋለሁ። ሁላችንም እየወደድነው ግን አንዳችንም «ምን በልተህ አደርክ?» ብለን አልጠየቅነውም። የዛሬው መልእክቴም ይኸው ነው፦ ልጅን ለውድድር የሚያዘጋጀው አሠልጣኙ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ዝግጅት የሚካሄደው ማዕድ ቤት ውስጥና አልጋ ላይ ነው። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ለሚዛን ሲባል ኪሎ መቀነስ የለበትም።

ሁለት ኪሎ ምን ያህል ነው?

ለ43 ኪሎ ልጅ ሁለት ኪሎ ማለት ከክብደቱ ወደ 5 በመቶ ገደማ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን አባቱ በዚያው ልክ ቢቀንስ ከሦስት ኪሎ በላይ ያጣል ማለት ነው። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የሚጠፋው ክብደት በአብዛኛው ስብ አይደለም፤ ውሃ ነው። አንድ ሰው ከክብደቱ 2 በመቶ የሚሆን ውሃ ሲያጣ ጉልበቱና ትኩረቱ መቀነስ ይጀምራል። ከዚያ ሲያልፍ በደም ሥር ውስጥ ያለው ደም መጠኑ ይቀንሳል፤ ልብም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ለመምታት ይገደዳል። ላብ ሲያጥር ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። እንደ አሶሳ ባለ ሞቃት አገር፣ በተለይ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ባለው ሐሩር፣ ይህ አደጋ እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ ተራ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ከአንድ ወር እምብዛም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ። ሦስቱም ለሚዛን ሲሉ ውሃ ቀንሰው፣ ላብ የሚያስወጣ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ቦታ እንቅስቃሴ ሲሠሩ የነበሩ ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር እንዲህ ያለውን ልብስና የእንፋሎት ክፍል ለኪሎ መቀነሻ መጠቀምን ከለከለ፤ የሚዛኑንም ሰዓት ወደ ግጥሚያው አስጠጋው። እነዚህ ወጣቶች ባለሙያና ሐኪም ባለበት አገር ነበሩ። የኛ ልጆች ሹራብ ደርበው በጠራራ ፀሐይ ሲሮጡ አጠገባቸው ማን አለ?

አንዳንድ ወላጅ «ሌሎቹም እንዲህ አድርገው ነው የሚያሸንፉት» ይላል። በእርግጥ ቀንሶ ያሸነፈ ልጅ ይኖራል። ነገር ግን ሚዛኑን ያለፈው ልጅ ግጥሚያው ላይ የሚቆመው በደረቀ ሰውነት፣ በባዶ ሆድና በሚንቀጠቀጥ እግር ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ የሚያስፈልገውም አለመሆኑ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ወንዶች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ዓለም አቀፍ ምድብ ከ41 ኪሎ በታች ቀጥሎ ከ45 በታች፣ ከዚያም ከ49 በታች ይመጣል። የኛ ልጅ በ43 ኪሎው፣ ቁርሱንም እራቱንም በልቶ፣ ከ45 ኪሎ በታች በሚለው መግባት ይችል ነበር። ከእናቱ ደጃፍ ያስወደቀው አንድ መስመር ቀድሞ በወረቀት ላይ አለመታረሙ ነው።

ከውድድሩ በፊት፦ የቤታችን ምግብ ይበቃል

«ለስፖርተኛ የሚሆን ምግብ ከየት እናመጣለን?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ሥጋና እንቁላል በየቀኑ ለሁሉም ቤት አይገኝም። ነገር ግን አላህ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሰጠውን እንቁጠር፦ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ባሚያ፣ ማንጎ። የማሽላ ገንፎ ለልጅ ጡንቻ ነዳጅ ነው። ማሽላ ብቻውን ግን ጡንቻ ለመገንባት የሚያስፈልግ አንድ ዓይነት የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ይህን ጉድለት ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር ወይም አኩሪ አተር ይሞሉታል። ከለውዝ ክብደት ደግሞ ሩቡ ያህል ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ገንፎ ላይ የተፈጨ ለውዝ ጨምራ የምታቀርብ እናት ለልጇ ከገበያ ከሚመጣ ባለ ሥዕል ቆርቆሮ የተሻለ ነገር አቀረበች።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ማነስ ነው። ወባና የመንጠቆ ትል ባለበት አካባቢ የሚያድግ ልጅ፣ በተለይም የወር አበባ የጀመረች ልጅ፣ ደሟ ሊያንስ ይችላል። «ይህች ልጅ ሰነፈች፣ ስትሮጥ ቶሎ ይደክማታል» ከማለታችን በፊት ደሟን እናስመርምር። ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍና ሥጋ ብረት አላቸው። ማንጎ፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ሲበላ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። ምግቡን እንደጨረሱ የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ብረቱን ይይዝብናል። ሻዩን ቢያንስ አንድ ሰዓት ማዘግየት አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ከዚህም በላይ ያስፈልጋቸዋል። ስልክ ይዞ እኩለ ሌሊት የሚያልፍ ልጅ ጠዋት የሚሠራው ልምምድ ግማሹ በከንቱ ይቀራል። እንቅልፍን ከሚሰርቁት አንዱ ጫት ነው። ጫት ምግብ ያስጠላል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ የልብ ምት ይጨምራል። ታላቅ ወንድም ፊት ለፊቱ እየቃመ ታናሹን «አንተ ስፖርተኛ ነህ፣ እንዳትነካ» ቢለው ምክሩ ወዴት ይገባል?

ጉዞው ራሱ ግማሽ ውድድር ነው

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቅርብ ዓመታት የነቀምቱ መንገድ በጸጥታ ችግር እየተስተጓጎለ መንገደኛውን ምን ያህል እንዳንገላታ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆች ይህን ሁሉ በመኪና ተንገላትተው፣ በመንገድ ያገኙትን በልተው፣ በማግስቱ ሜዳ ይገባሉ። ከተቻለ ከውድድሩ ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ጥሩ ነው። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ አዲስ አበባና አሰላ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ የኛ ልጅ የተለመደውን ያህል ሲሮጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ይህ ስንፍና አይደለም። ቀድሞ ይነገረው፤ በመጀመሪያው ቀን ቀለል አድርጎ ይሥራ፤ ከመነሻው እንዳይፈተለክ ይመከር።

ለጉዞ ስንቅ እናት የምታውቀው ሁሉ አለ፦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ለዚያው ቀን፣ ሙዝ፣ ቴምር። ውሃውም ከቤት ይያዝ። በመንገድ ላይ ጥሬ ሥጋና ክዳን ሳይኖረው የዋለ ምግብ ይቅር። ተቅማጥ ቢያጋጥም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ልሙጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል። መጠኑን ማዛባት ግን ይጎዳል። ፓኬት ካለ ፓኬቱ ይቅደም።

ስለ ወባ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በወባ ትንኝ የተነከሰ ሰው የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ እዚህ የተነከሰ ልጅ ትኩሳቱ የሚነሳበት አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ይሆናል። ልጁም ሆነ ይዞት የሄደው ሰው «የመጣነው ከአሶሳ ነው» ብለው ይናገሩ፤ የደም ምርመራም ይጠይቁ። ትኩሳት ያለበት ልጅ አይወዳደርም፤ ዋንጫው ወርቅ ቢሆንም አይወዳደርም።

የውድድሩ ዕለት

ከግጥሚያው ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ የለመደውን ምግብ ይብላ፦ ገንፎ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በማር። ቅባት የበዛበት ጥብስና ከዚያ በፊት ቀምሶት የማያውቀው ምግብ በዚያ ቀን አይሞከርም። ግጥሚያው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው አንድ ሙዝ ወይም ሦስት ቴምር ይበቃዋል።

ብዙ ወላጅ የማያስበው በግጥሚያና በግጥሚያ መካከል ያለውን ሰዓት ነው። ፌንሲንግ የሚባለውን የሻሞላ ስፖርት እንውሰድ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ግጥሚያ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው። ልጁ ግን እንዲህ ያሉ አምስትና ስድስት ግጥሚያዎች አድርጎ፣ ካለፈም ረዘም ወዳለው ዙር ይገባል። ከጠዋት እስከ ማታ አዳራሽ ውስጥ ይውላል። በቴኳንዶም በሩጫም እንዲሁ ነው፤ ሥራው የደቂቃዎች፣ ጥበቃው የሰዓታት። በዚያ መካከል የሚያሸንፈው ጥላ ቦታ ተቀምጦ፣ ውሃ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ፣ ዳቦውን በትንሽ በትንሹ የሚበላው ልጅ ነው። ሽንቱ እንደ ገለባ ከነጣ ውሃው በቅቶታል፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን አልበቃውም። ይህን ምልክት ልጁ ራሱ ማየት ይችላል።

ሙቀት ልምድ ያላቸውን እንኳ እንደሚጥል እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ አይተናል። የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ከሙቀቱ የተነሳ እኩለ ሌሊት ገደማ ተጀምሮ፣ ከ68 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 40 ብቻ ነበሩ። ሦስቱም የኛ አገር ተወዳዳሪዎች አቋርጠዋል። እነዚያ ጀግኖች ሰውነታቸው በቃኝ ሲል ሰሙት። አንድ የ13 ዓመት ልጅ «ማዞር ይዞኛል» ሲል እንዴት «ቻለው» ይባላል?

ጾምና ውድድር

የረመዷን ወር በዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ስለሚዞር ውድድር ላይ መውደቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. የ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሙሉ በሙሉ የተካሄደው በረመዷን ነበር። ለመንገደኛና ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድና የቀዷው ጉዳይ የታወቀ ነው። ዝርዝሩን የአካባቢያችን ዑለማዎች ይነግሩናል፤ ይህ ዓምድ ፈትዋ አይሰጥም። በጤና በኩል የምለው ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ውሳኔው በውድድሩ ጠዋት ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ወላጅ፣ አሠልጣኝና ልጅ ተቀምጠው ይወስኑት። ሁለተኛ፣ የሚጾም ልጅ ልምምዱ ወደ ኢፍጧር ሰዓት ይጠጋ፤ ሱሁር አይዝለል፤ ከኢፍጧር እስከ ሱሁር ውሃውን ከፋፍሎ ይጠጣ። ሦስተኛ፣ ጾምን ኪሎ መቀነሻ አድርጎ የሚጠቀም አሠልጣኝም ሆነ ልጅ ካለ ዒባዳውንም ጤናውንም አበላሸ።

ሴት ልጆቻችን

«ልብሱ አይመችም» እየተባለ ሴት ልጆች ከስፖርት ሲቀሩ እናያለን። ኢብቲሃጅ ሙሐመድ የምትባለው አሜሪካዊት ሻሞላን በ13 ዓመቷ የጀመረችው የስፖርቱ ልብስ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን መሆኑን እናቷ ልብ በማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለአገሯ ሒጃብ ለብሳ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና በቡድን የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። ለልጃቸው የሚስማማውን መርጠው በሩን የከፈቱላት እናት ናቸው። የዓለም እግር ኳስ ሕግም ከ2014፣ የቅርጫት ኳሱም ከ2017 ወዲህ የራስ መሸፈኛን ፈቅደዋል።

ተሸፋፍና የምትሠራ ልጅ ይበልጥ ስለሚሞቃት ልብሷ ስስና አየር የሚያስገባ ይሁን፤ ውሃዋም ይጨመር። የወር አበባዋ መምጣት ጀምሮ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ «ስፖርት ስለሠራች ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ከምትሠራው አንጻር የምትበላው ማነሱን የሚናገር ምልክት ነው፤ አጥንቷንም ያሳሳዋል። እናት ይህን የመጠየቅ ድፍረት ይኑራት፤ ልጅም የመናገር።

ከዱቄትና ከክኒን እንጠንቀቅ

«ጡንቻ ያወጣል» የሚባል ዱቄት፣ «ኃይል ይሰጣል» የሚባል በጣሳ የታሸገ መጠጥ፣ ሽንት የሚያሸና ክኒን በልጆች እጅ ሲዞር ይታያል። ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት ለልብና ለደም ግፊት ሕሙማን በሐኪም የሚታዘዝ ነው። ለኪሎ መቀነሻ የወሰደው ልጅ ጨውና ውሃው ተዛብቶ ልቡ ሊቆም ይችላል። በዓለም አቀፉ የአበረታች ቅመሞች ዝርዝርም የተከለከለ ነው። ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄትም እንዲሁ ልጁን ሳያውቀው ከስፖርቱ ሊያሳግደው ይችላል።

ምን እናድርግ?

ለአሠልጣኞቻችን፦ ልጁን ከመመዝገባችሁ በፊት መዝኑት፤ በልቶና ጠጥቶ በሚገኝበት ኪሎ አስመዝግቡት። ወላጆችን ከውድድሩ አንድ ወር በፊት ለአንድ ሰዓት ሰብስቡ። ለውድድር አዘጋጆች፦ ሚዛኑን ከግጥሚያው በፊት ባለው አጭር ሰዓት አድርጉት፤ ቀኑን ሙሉ ውሃና ጥላ ይኑር። ለወላጆች፦ ልጃችሁ ሲሄድ «ካላሸነፍክ እንዳትመጣ» አትበሉት፤ በቀልድም ቢሆን። ልጅ ቀልዱን እንደ ሕግ ይወስደዋል፤ ውሃ የሚተወውም ያን ጊዜ ነው። ተሸንፎ ሲመጣ መጀመሪያ «በላህ?» በሉት፤ ውጤቱን እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ልጅ አማና ነው። አማናን ደግሞ በሚዛን ላይ አስቀምጦ ሁለት ኪሎ አጉድሎ መመለስ አይገባም።

የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ውድድር ከ45 ኪሎ በታች ገባ። ጠዋት እናቱ ገንፎ በለውዝ አብልታ ሸኘችው። የመጀመሪያውን አሸነፈ፤ በሁለተኛው ተሸነፈ። ሲመለስ በራችን ላይ ቆሞ እየሳቀ «ጋሼ፣ በነጥብ ነው የበለጠኝ፤ ግን እግሬ አልከዳኝም!» አለኝ። እኔም በዚህ ጊዜ «በርታ» ብቻ ብዬ አላለፍኩም፤ ማንጎ አቀረብኩለት፤ ሦስት በላ።